«በአጎቴ መሬት ላይ ድኩላ ባድን ምን አለበት?»

ከጎንደር የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው። ጠያቂያችን የ27 ዓመት ወጣት ነው። ከዳባት ወጣ ብሎ የሚኖር አጎት አለው። የአጎትየው መሬት ጫፉ ቁጥቋጦ የለበሰ ገደል ነው፤ ሲመሽ ድኩላ እየወጣ ባቄላውን ይበላበታል። አሁን ደግሞ አብሮ አደጉ ከአሜሪካ መጥቷል። «እኛ እዚያ ጭራው ነጭ የሆነውን አጋዘን በሰው እርሻ ውስጥ ነው የምናድነው፤ ገበሬውን ካስፈቀድክ አለቀ!» ብሎት፣ አራት ሆነው ሊወጡ ቀን ቆርጠዋል። ጠመንጃው የአጎት፣ መኪናው የእንግዳው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቀለበት ያሰረላት ልጅ አባት በሰሜን ተራሮች ፓርክ በስካውትነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅቷ ወሬውን ሰማችና «ከሄድክ ቀለበትህንም ይዘህ ሂድ» አለችው። «ለአንዲት ድኩላ ይህን ያህል? ወይስ ልቧ ሌላ ጋ ሄዷል?» ሲል ይጠይቀናል።

ወንድም ዓለም፣ የልጅቷን ልብ ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ጓደኛህን እንነጋገርበት። ግማሹን ነው የነገረህ። በአሜሪካ የባለ መሬቱ ፈቃድ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አጋዘኑ የገበሬው ንብረት አይደለም፤ አዳኙ ከግዛቱ መንግሥት ፈቃድ ይገዛል፣ የአደን ወቅት ተቆርጦለታል፣ ስንት መግደል እንደሚችልም ተወስኖበታል። ከዚያ ውጪ ከተገኘ በገዛ እርሻውም ላይ ቢሆን ይከሰሳል። ጓደኛህ ይህን ሳያውቅ አድኖ ከሆነ ዕድለኛ ነው፤ እያወቀ ደብቆህ ከሆነ ደግሞ... እንተወው።

ወደኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አጎትህ ያላቸው የይዞታ ደብተር ባቄላ ለመዝራት እንጂ ገደሉ ውስጥ ያደረውን ድኩላ ለማስገደል አያገለግልም። የዱር እንስሳትን አዋጅ (ቁጥር 541/1999) ብታየው ያለ ፈቃድ ማደን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እስራትም አለበት። በሕጋዊ መንገድ አደን የሚካሄድባቸው ቀጠናዎች አሉ፤ የሚበዙት ባሌና አርሲ አካባቢ ሲሆኑ፣ ደንበኞቻቸውም በዶላር ከፍለው፣ ፈቃድ ያለው አዳኝ አስጎብኚ ይዘው የሚመጡ የውጭ ሰዎች ናቸው። የአጎትህ ባቄላ ማሳ ከነዚያ አንዱ አይደለም።

ጠመንጃውስ? በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ (ቁጥር 1177) ፈቃድን የሚያየው በስም ነው። የአጎትህን መሣሪያ ትከሻህ ላይ ጥለህ ብትያዝ አንተ ብቻ አይደለህም የምትጠየቀው፤ ሽማግሌውም ጠመንጃቸውን አጥተው ችሎት ሊቆሙ ይችላሉ። ደግሞስ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ከታየው በኋላ፣ አራት የከተማ ጎረምሶች ጠመንጃ ይዘው በማያውቃቸው ሰው ቀበሌ ሲመሽ ቢታዩ ማን «ድኩላ ፍለጋ ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል? ከሁለቱም ወገን ተኩስ ሊመጣባችሁ ይችላል እኮ!

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን ጥይቱ ነው። ድኩላ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋጋ ነው፤ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ብቻውን ይሄዳል፣ የደጋው ወንዱ ደግሞ ጥቁር ስለሆነ ከጥላ አይለይም። ያው ሰዓት እረኛው ከብቱን የሚመልስበት፣ ልጃገረዷ እንጨት ተሸክማ የምትወጣበት ሰዓት ነው። የጠመንጃ ጥይት ድኩላውን ስቶ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ዳገቱ ማዶ ደግሞ ጎጆ አለ። አንተ በነጋታው ፒያሳ ቡናህን ትጠጣ ይሆናል። እዚያ የሚቀሩት አጎትህ ናቸው። ደም ከፈሰሰ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ ወርዶም ዓይን ለዓይን መተያየቱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የጎንደር ልጅ አንነግርህም።

ለወንድነት ከሆነም፣ አያቶቻችን ፎክረው ጎፈር የለበሱት በአንበሳና በጎሽ ነው። በድኩላ የፎከረ ሰምተን አናውቅም። ሥጋው እንደሆነ ሰኮናው ስንጥቅ፣ አመስኳም ስለሆነ ይበላል፤ ግን ገደል ውስጥ ወድቆ ሳይባረክ የሞተውን እናትህ ድስት ውስጥ ታስገባዋለች?

አሁን ወደ ልጅቷ። ሰሜን ተራሮች በ1962 ፓርክ ሆነ፣ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እነዚያን ዓመታት በብርድ ገደል ለገደል ሲሄዱ ያሳለፉ ሰው ልጅ፣ እጮኛዋ ለሥዕልና ለጨዋታ ሊተኩስ ነው ሲባል ብትቆጣ ምን ይገርማል? እሷ የፈራችው «አማቹ አዳኝ ሆኖ ተያዘ» የሚለው ወሬ አባቷ ጆሮ እንዳይደርስ ነው። ሌላ ሰው የለባትም። ይህን ጥርጣሬህን ለሷ እንዳትነግራት ብቻ!

ስለዚህ ጉዞው አይቅር፣ ጠመንጃው ይቅር። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ መጀመሪያ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ስካውትና አስጎብኚ ከዚያው ይዛችሁ ትገባላችሁ። ዋልያ ለማየት ጭነቅ ይሻላል፤ በጠዋት ነው ታዲያ። ቦታው 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ወፍራም ጃኬትና ብርድ ልብስ ያዙ። ጭላዳዎቹን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ በቅርብ ታያላችሁ። ጓደኛህ ካሜራውን ይጥገብ።

ከመሄድህ በፊት ግን አባቷን ሄደህ «አባባ፣ እንግዳ መጥቶብኛል፣ የት የት እንውሰደው?» በላቸው። ምናልባት «አብሬያችሁ እወጣለሁ» ይሉህ ይሆናል። ለአጎትህም ስለ ባቄላቸው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክቱ ንገራቸው፤ እስከዚያው ማታ ማታ እሳትና ውሻ ይርዳቸው። ዳባት ስታልፉ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ጎራ በሉ። ቀኑን ስለ ድኩላ ቆርጣችሁ ስለነበር ይጠብቋችኋል።