ብር አልልክም፤ እራት ግን አለ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር አመነታሁ። "ገበናሽን አደባባይ አወጣሽው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ገበናዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልታወቀ እየመሰለኝ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ 31 ዓመቱ ነው። ይጠጣል። ሲጠጣ ይበደራል፣ ሲበደር እኔ እከፍላለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። የዕቁብ ብሬ ለግሮሰሪ ዱቤ ሄደ። የሠርግ ሀብሌን ሸጬ ደብድቦት ለከሰሰው ሰው ካሳ ከፈልኩ። አለቃው ጋ ደውዬ "ታይፎይድ ይዞት ነው" ያልኩትን ብዛት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ሥራው ግን አልተረፈም።

ያኔ ይኼን ሁሉ የእናት አንጀት ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ይሉኝታ ነው። ለቅሶ ቤት ከተቀመጥኩበት ስነሳ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነበር የምከፍለው።

ባለፈው ጥር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለ። "እማዬ፣ 4,000 ብር ላኪልኝ። ካልላክሽ ጉድ ይፈላል።" ቴሌብር ከፈትኩ። ያለችኝ የደም ግፊት መድኃኒቴን መግዣ ነበረች። እጄ እየተንቀጠቀጠ "አልልክም ልጄ። ቤት ና፣ እራት አለ፤ ብር ግን የለም" አልኩትና ዘጋሁ። እስኪነጋ የግቢውን በር ሳዳምጥ አደርኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፤ ስልኩን መያዣ ሰጥቶ። ለካ ያለ እኔም መላ ያውቃል!

አሜሪካ ያለች እህቴ ስነግራት ስለ አል-አኖን አጫወተችኝ። የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 እዚያው አሜሪካ የተቋቋመ። ሰውየውን እየወደዱ የእሱን ጣጣ አለመሸከምን ይማማሩበታል። እኛ ጋ ለዚህ ያለን ቃል "ጨክኚ" ብቻ ነው። ቃሉ ራሱ ያስፈራል። የትኛዋ እናት ጨካኝ መባል ትወዳለች?

እኔ አልጨከንኩም። እንጀራው አለ፣ አልጋው ተነጥፏል። ዕዳ አልከፍልም፣ ስለ እሱ አልዋሽም። አማኑኤል ሆስፒታል እንሂድ ባለኝ ቀን ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል አብሬው እወጣለሁ። ደግሞ አደራ፣ ልጃችሁ "ራሴን አጠፋለሁ" ካለ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ብቻውን አይተውም፤ ወዲያው ሕክምና ይወሰዳል።

ልጄ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ትናንትም ጠጥቶ ነው የገባው። እኔ ግን ዕቁብ ተመልሼ ገብቻለሁ፣ መድኃኒቴንም አላቋርጥም። 31 ዓመት የሞላውን ሰው ተሸክሜ ልራመድ ስል እሱም እግር እንዳለው ረስቼው ነበር።

በዚህ ያለፋችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ እዚህ መጻፍ ከከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገበና ለገበና እንመካከር።