«ፀሐይ ሙቂ፣ ይለቅሻል» ማለት ይቁም!

«ብርድ ነው የመታሽ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ።» ቁርጥማት ያለባት ሴት ሁሉ በየሰፈሩ የምትሰማው ምክር ይሄ ነው። ወገኖቼ፣ የሩማቶይድ አርትራይተስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሄ ምክር ጉዳት ነው!

አንደኛ፣ በሽታው ብርድ አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ሜቶትሬክሴትና ሰልፋሳላዚን ያሉ መድኃኒቶች የአንዳንድ ሰው ቆዳ ፀሐይ እንዳይችል ያደርጋሉ። እኛን ምንም የማይለን ፀሐይ እነሱን ይለበልባል፣ ሽፍታ ያወጣባቸዋል።

«አዲስ አበባ እኮ ቀዝቃዛ ነው» ለምትሉ፦ ቆዳ የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን የማይታየው ጨረር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። መድኃኒት ቤት «በሳምንት አንዴ» ብሎ ጽፎ ይሰጣል፣ ስለ ፀሐይ ትንፍሽ የለም። በከሰዓት ፈረቃ ሰልፍ፣ በ6 ሰዓት ተኩል ፀሐይ፣ ጃንጥላ የያዘችን መምህርት «ቅንጦተኛ» ይሏታል። ቅንጦት አይደለም፣ ጤናዋን መጠበቅ ነው!

ሰንስክሪን ውድ ነው፣ ገብቶኛል። ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ግን ቤታችን አለ። ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ቆዳችሁ ላይ ለውጥ ካያችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ፋርማሲስቶች፣ የምንለምናችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ርዕሳነ መምህራን፣ ሰው ጥላ ስር ማቆም ሳንቲም አያስወጣም።

ሼር አድርጉት፣ ለእናቶቻችንም አንብቡላቸው።