የገምጋሚዎቹ ገምጋሚ

አንድ መንግሥት የትኛው ክትባት ለየትኛው ሕፃን፣ በስንት ቀኑ ወይም በስንት ወሩ ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ ለባለሙያዎች ኮሚቴ ሲያቀርብ ሁለት ግዴታዎች ይወድቁበታል። የመጀመሪያው ኮሚቴውን መቆጣጠር ነው፤ የሕዝብን ገንዘብና የሕፃናትን ሕይወት በሚነካ ጉዳይ ላይ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከማን ክፍያ እንደሚቀበሉ፣ በምን ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ድምፅ እንደሚሰጡና ስብሰባቸውን በግልጽ እንደሚያካሂዱ የማወቅ መብት ሕዝቡ አለውና። ሁለተኛው ግዴታ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ አለመወሰን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ በዩናይትድ ስቴትስ የታየው ሂደት፣ የመጀመሪያው ግዴታ ሁለተኛውን ለማፍረስ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ የሚደርሰውን ጉዳት የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከአገሪቱ ውጭ ያሉ አንባቢዎችም በጥሞና ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

የውዝግቡ ማዕከል የሆነው አካል የክትባት አሠራር አማካሪ ኮሚቴ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤሲአይፒ በመባል ይታወቃል። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ፤ አባላቱን የሚሾመው የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ሚኒስትሩ ነው፤ ምክሩን ተቀብሎ የሚያጸድቀው ደግሞ በተለምዶ ሲዲሲ የሚባለው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዳይሬክተር ነው። በስሙ አማካሪ ይባል እንጂ፣ የአገሪቱ ሕጎች ድምፁን ከገንዘብ ጋር አስተሳስረውታል። ከ1989 እስከ 1991 የተከሰተው የኩፍኝ ወረርሽኝ በዋናነት ያልተከተቡ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ካጠቃ በኋላ፣ ኮንግረስ በ1993 ባወጣው ሕግ መንግሥት ለነዚህ ልጆች ክትባት በነፃ የሚያቀርብበትን ፕሮግራም አቋቋመ፤ ዛሬ ከአገሪቱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉን የሚሸፍነው ይህ ፕሮግራም የትኞቹን ክትባቶች እንደሚገዛ የሚወስነው የኮሚቴው ድምፅ ነው። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግም የግል መድን ድርጅቶች በኮሚቴው የተመከሩትን ክትባቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ስለሆነም የጥቂት ባለሙያዎች ድምፅ፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ክሊኒክ ስትደርስ ትከፍላለች ወይስ አትከፍልም እስከሚለው ጥያቄ ድረስ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ቁጥጥር ያስፈልገዋል ብሎ መከራከር ተገቢ ነው፤ ታሪኩም ይህንኑ ይደግፋል። በ1976 አዲስ የአሳማ ጉንፋን ዝርያ ወረርሽኝ ሊያስከትል ይችላል በሚል ስጋት የባለሙያዎቹ ምክርና የፕሬዚዳንት ፎርድ መንግሥት ጥድፊያ ተደጋግፈው ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከተቡ፤ የተፈራው ወረርሽኝ ግን አልመጣም፤ ይልቁንም ጊላን ባሬ የተባለ፣ ነርቮችን የሚያጠቃና ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሕመም በተከታቢዎች ላይ ከተጠበቀው በላይ በመታየቱ ዘመቻው ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሥልጣን የመጡት ሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖ የወሰዱት እርምጃ ዛሬም የሚያስመሰግን ነው፤ ሪቻርድ ኒውስታድትና ሃርቪ ፋይንበርግ የተባሉ ምሁራን ውሳኔው እንዴት እንደተላለፈ ከውጭ ሆነው እንዲመረምሩ ጠየቋቸው፣ የራሱን የሚኒስቴሩን ድክመት ያልሸሸገውም ጥናት በ1978 ታተመ። በ1999 ደግሞ ኮሚቴው ራሱ ያጸደቀው የሮታ ቫይረስ ክትባት፣ አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ እየገባ የሚዘጋበትን አደገኛ ሕመም በጥቂት ሕፃናት ላይ እንደሚያስከትል ከክትባት በኋላ የሚደርሱ ጉዳቶች በሚመዘገቡበት ሥርዓት በኩል ሲታወቅ፣ ኮሚቴው በወራት ውስጥ ምክሩን ሰረዘ። በተከታዩ ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ማሻሻያ ኮሚቴውን የሚመሩት ዳን በርተን ባካሄዱት ምርመራ አንዳንድ አባላት ከአምራች ኩባንያዎች ጋር የጥቅም ግንኙነት ነበራቸው ተብሎ በይፋ ተተቹ፤ በርተን ስለ ክትባትና ኦቲዝም ያራመዱት አቋም በማስረጃ ያልተደገፈ ቢሆንም፣ የጥቅም ግጭትን በተመለከተ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥቅም ግጭት ደንቦቹ ጠበቁ፣ ግንኙነታቸውን የሚያሳውቁ አባላት ቁጥርም እየቀነሰ መጣ። ምክር ቤት ጠየቀ፣ ደንብ ተሻሻለ፣ ኮሚቴው ግን በማስረጃው ላይ የራሱን ውሳኔ መስጠቱን ቀጠለ፤ ቁጥጥር ሥራውን ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሰኔ 2025 የተፈጸመው ከዚህ የተለየ ነው። ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ 9 ቀን በአንድ ጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ አሥራ ሰባቱንም የኮሚቴው አባላት በአንድ ጊዜ ማሰናበታቸውን አስታወቁ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ስምንት አዲስ አባላትን ሰየሙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ኮሚቴ ስብሰባ ተቀመጠ። የአንድ ዕጩ አባል ሙያዊ ብቃትና የገንዘብ ግንኙነት ምርመራ ብቻውን በተለመደው አሠራር ወራት እንደሚወስድ ሲታሰብ፣ የጥቅም ግጭትን ለማስወገድ ነው ተብሎ የተወሰደ እርምጃ የጥቅም ግጭትን የሚመረምረውን ሥርዓት ራሱን መዝለሉ በምንም ሊስተባበል አይችልም። ለእርምጃው ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በ2009 የወጣ የሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርት ነበር፤ ከዚህ ሪፖርት የተወሰደው 97 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን በሲዲሲ ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ውስጥ የሚያገለግሉ ባለሙያዎች በ2007 በሞሏቸው ቅጾች ላይ የተገኘ ቢያንስ አንድ የአሞላል ጉድለትን የሚመለከት ነው። በቅጽ ላይ የቀረ ፊርማ ወይም ቀን የሙስና ማረጋገጫ ተደርጎ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የሚጎዳው የሕዝቡ የማወቅ መብት ነው። ኬኔዲ የሕዝብ አመኔታ ተሸርሽሯል ማለታቸው እውነትነት አለው፤ የኮቪድ ዓመታት ያስከተሉትን ጥርጣሬ የሚክድ ተመራማሪ የለም። ነገር ግን አመኔታን ለመመለስ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ አባል የተሰናበተበት ምክንያት በስሙ ሊገለጽ በተገባ ነበር።

የዚህ ሁሉ ክብደት በይበልጥ የሚታየው በሄፓታይተስ ቢ ጉዳይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ ጠባዩ እንደ ተያዡ ሰው ዕድሜ ይለያያል፤ በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተቀበለ ጨቅላ ግን ከአሥር ዘጠኙ ያህል ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል፤ ከነዚህም ውስጥ ከአራት አንድ ያህሉ በጎልማሳነታቸው በጉበት መጠጠር ወይም በጉበት ካንሰር ይሞታሉ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች ለአደጋ የተጋለጡትን ብቻ መርጦ የመከተብን ስልት ሞክረው ውጤቱ አጥጋቢ ስላልሆነ፣ ኮሚቴው በ1991 ክትባቱ ለሁሉም ሕፃናት እንዲሰጥ መከረ፤ ከዚያ ወዲህ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚታየው አዲስ የበሽታው መጠን 99 በመቶ ያህል ቀንሷል። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያ ክትባት እናትየዋ ባትመረመር፣ ውጤቷ በስህተት ቢመዘገብ፣ ከምርመራዋ በኋላ ብትያዝ ወይም ቫይረሱ በቤት ውስጥ ካለ ሌላ ዘመድ ቢመጣ ሕፃኑን የሚጠብቅ የመጨረሻ መከላከያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2009 ጀምሮ ይህንኑ ለሁሉም አገሮች ይመክራል።

አዲሱ ኮሚቴ በመስከረም 2025 በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ ለመስጠት ሞክሮ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፤ በታኅሣሥም አባላቱ በውሳኔው አገላለጽ ግራ በመጋባታቸው ድምፅ አሰጣጡ በአንድ ቀን ተገፋ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 5 ቀን 8 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ እናታቸው ከቫይረሱ ነፃ መሆኗ በምርመራ ለታወቀ ሕፃናት በልደት ቀን የሚሰጠው ክትባት የሁሉም መሆኑ ቀርቶ በወላጅና በሐኪም ምክክር እንዲወሰን፣ በልደት ካልተሰጠም ከሁለት ወር በፊት እንዳይጀመር መከረ። ከተቃወሙት መካከል የሕፃናት ሐኪሙ ኮዲ ማይስነር ለውጡ ጉዳት እንደሚያስከትል በስብሰባው ላይ በግልጽ ተናገሩ። ሁለት ወር መዘግየት የተመረጠበት ሳይንሳዊ ምክንያት አልቀረበም፤ ክትባቱ በልደት ቀን መሰጠቱ ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃም እንዲሁ። በ1999 ቲሜሮሳል ስለተባለው፣ ሜርኩሪ ስላለበት የክትባት ማቆያ ኬሚካል በጥንቃቄ ስም የወጣ መግለጫ ብዙ ሆስፒታሎች የልደት ቀኑን ክትባት ፈጽሞ እንዲያቋርጡ፣ አንዳንዶቹም ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ለተወለዱት ጭምር እንዳይሰጡ ምክንያት ሆኖ ነበር፤ በወረቀት ላይ ለተወሰኑ ሕፃናት ብቻ የተጻፈ ልዩነት በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሳይጠበቅ እንደሚሰፋ ይህ ታሪክ ያስተምራል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ በአዋቂዎች ዘንድ ከሚዘወተርባቸው አገሮች ትመደባለች፤ የአሜሪካ የጤና መመሪያም ከእንዲህ ያሉ አገሮች የመጡ ሰዎች እንዲመረመሩ ይመክራል፤ ይሁንና ቫይረሱ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ተሸካሚ መሆናቸውን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የምትወልድ እናት ራሷ ነፃ ብትሆንም አራስ ሊጠይቁ፣ ልጅ ሊያሳድጉ የሚመጡት አያቶችና ዘመዶች ያልተመረመሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የእናትየዋን የምርመራ ወረቀት ብቻ መነሻ ያደረገ ፖሊሲ ይህን የቤተሰብ አኗኗር ከቁጥር አላስገባም።

ከኮሚቴው ውሳኔ በኋላ የመጣው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ታኅሣሥ 5 ቀን የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር ከሌሎች የበለጸጉ አገሮች ጋር እንዲነጻጸር አዘዙ፤ በጥር 5 ቀን 2026 ሲዲሲ ለሁሉም ሕፃናት የሚመከረውን ክትባት ከ17 በሽታዎች ወደ 11 ዝቅ ማድረጉን አስታወቀ። መነሻው በመንግሥት ውስጥ ባሉ ባለሥልጣናት የተዘጋጀ ግምገማ ነበር፤ በኮሚቴው ግልጽ ስብሰባ ክርክር ተደርጎበት ድምፅ አልተሰጠበትም። የመድን ሽፋኑ እንደማይቋረጥ ሚኒስቴሩ ቢገልጽም፣ ለምሳሌነት የተጠቀሰችው ዴንማርክ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት፣ ሁሉም ዜጋ በአንድ የጤና ሥርዓት የሚገለገልባትና እርጉዝ ሴት ሳትመረመር የማትቀርባት አገር መሆኗ ንጽጽሩን ደካማ ያደርገዋል። ሚኒስትሩ ራሳቸው የሾሙት ኮሚቴ እንኳ አስፈላጊ ሆኖ አለመገኘቱ የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠበቀው ቁጥጥር የምክር ቤቱ ነበር። የጉበት ሐኪምና የሴኔቱ የጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑት ቢል ካሲዲ ለኬኔዲ ሹመት ድምፃቸውን የሰጡት፣ የኤሲአይፒ ምክሮች ሳይለወጡ እንደሚጠበቁ ቃል ተገብቶልኛል ብለው በየካቲት 2025 በሴኔቱ ፊት ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ሹመቱ 52 ለ 48 ጸደቀ። የሲዲሲ ዳይሬክተር የነበሩት ሱዛን ሞናሬዝም ሥራ በጀመሩ በአንድ ወር ውስጥ ተባርረው፣ በመስከረም 17 ቀን በካሲዲ ኮሚቴ ፊት በመሐላ ሲመሰክሩ፣ የኤሲአይፒን ውሳኔዎች ማስረጃቸውን ሳያዩ አስቀድመው እንደሚያጸድቁ ቃል እንዲገቡ መጠየቃቸውን ተናገሩ፤ ኬኔዲ ይህን አስተባብለዋል። ምስክርነቱ ተሰማ፣ በመዝገብ ሰፈረ፤ በታኅሣሥ የተሰጠውን ድምፅም ሆነ በጥር የታወጀውን ለውጥ ግን አላስቆመም። ከባለሥልጣን በቃል የተወሰደ ተስፋ ሕግ ሊተካ እንደማይችል ካሲዲን የመሰለ ልምድ ያለው ሰው አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ሕግ ሊሠራው የሚችለውን ለማየት የብሪታንያን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝ በ2009 የወጣው ደንብ፣ ሚኒስትሩ ራሱ በጠየቀው ጉዳይ ላይ የክትባት የጋራ ኮሚቴው ወጪውን ያገናዘበ ምክር ከሰጠ፣ ሚኒስትሩ በተቻለ መጠን ተግባራዊ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአሜሪካ በ1972 የወጣው የአማካሪ ኮሚቴዎች ሕግ የአባላቱ ስብጥር ሚዛናዊ እንዲሆንና ምክሩ በሿሚው አካል ያልተገባ ተጽዕኖ እንዳይደረግበት ያዛል፤ ሆኖም አንድ ሚኒስትር የኮሚቴ አባላትን በሙሉ ያለ ምክንያት ማሰናበት አይችልም የሚል ግልጽ አንቀጽ አላካተተም። ኮንግረስ ሊያደርገው የሚችለው፣ ሊያደርገውም የሚገባው ሥራ ውስብስብ አይደለም፦ የአባላቱን የሥራ ዘመን በሕግ መወሰን፣ ለማሰናበት በጽሑፍ የተገለጸ ምክንያት መጠየቅ፣ ማንኛውም የክትባት ምክር ከመለወጡ በፊት ማስረጃው በደረጃ ተመዝኖ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲሆንና በግልጽ ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጥበት ማስገደድ። ይህ ሕግ ኬኔዲን ብቻ ሳይሆን ክትባትን አብዝቶ የሚወድ፣ እንደ 1976ቱ በጥድፊያ ሚሊዮኖችን ሊያስከትብ የሚፈልግ ሌላ ሚኒስትርንም እኩል ያስራል፤ ሪፐብሊካንም ሆኑ ዴሞክራቶች ሊስማሙበት የሚችሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።