የትኞቹ አባቶች?

«ልጁ ኦሪቱን ይማር እንጂ ሒሳብ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አክራሪ ረቢዎች እስራኤል ውስጥ ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ የወንዶች ትምህርት ቤቶቻቸው ልጁን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ከሒሳብ ያፋቱታል። «የአባቶቻችን ወግ ነው» ባዮች ናቸው ደግሞ!

የትኞቹ አባቶች? የቁስጥንጥንያው ታላቅ ረቢ ኤልያስ ሚዝራሒ በ1526 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ የተዉትን የሒሳብ መጽሐፍ በ1530ዎቹ እዚያው ከተማ ያሳተመው የገዛ ልጃቸው ነው። በዕብራይስጥ! ክርስቲያኖቹ እንኳ በ1546 ባዝል ላይ አሳጥረው በላቲን አወጡት። በ12ኛው ክፍለ ዘመንም አብርሃም ኢብን ዕዝራ፣ ያ ኦሪትን በማብራራት የታወቀው ሊቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ የዕብራይስጥ ፊደላት አሃዝ አድርጎ፣ ለዜሮም ክብ ሠርቶ አስተምሯል።

ለመሆኑ ሰዓትን 1080 ቦታ ከፍሎ፣ ወሩን «29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ክፋይ» ብሎ የሚቆጥር ሃይማኖት ያለ ሒሳብ ፋሲካውን በምን ሊያውቀው ነው? በጎረቤት ወሬ?