ዐይነ ስውሩ ያላየው ፊት



ከጥቂት ወራት በፊት መግሪብ ተሰግዶ በመስጂዱ ጥግ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ወደኛ መጣ። ጸጉሩ ጎንና ጎኑ ተላጭቶ መሐሉ የቆመ፣ ጠባብ ጂንስ የለበሰ። "አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ" አለን። ምላሳችን "ወዐለይኩሙ ሰላም" ብሎ በትክክል መለሰ። ዐይናችን ግን ከጸጉሩ እስከ ሱሪው ወርዶ ስልካችን ላይ አረፈ። ልጁ ትንሽ ቆመና "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ምን ሊጠይቅ እንደመጣ አናውቅም። እስካሁንም አልተመለሰም።

አንዲት ክፉ ቃል አልተናገርንም። ግን አባረርነው።

ይህን ባስታወስን ቁጥር ሱረቱ ዐበሳ ትመጣብናለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቆች ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር መጣ። ዓላማቸው መልካም ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ቢሰልሙ ስንቱ ይከተላቸው ነበር! ሆኖም ሱራዋ የምታነሳው የተናገሩትን ቃል አይደለም፤ የፊታቸውን መጨፍገግና መዞራቸውን ነው። ሰውየው ደግሞ አያይም! ያን ፊት አላየውም። አላህ (ሱ.ወ) ግን ስለ እሱ ወሕይ አወረደ፤ 80ኛዋ ሱራም በዚያው የፊት መጨፍገግ ተሰየመች። ኢብኑ ኡሚ መክቱም ኋላ መዲና ላይ ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡም መዲናን ለእሱ አደራ ብለው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር።

ለማያይ ሰው እንዲህ ከተባለ፣ የሚያየንን ሰው ምን እንላለን?

እኛ መድረሳ ውስጥ ስለ ሐሜት፣ ስለ ውሸት፣ ስለ ነገር ማዋሰድ ዓመታት ተምረናል። ስለ ቅንድባችን ግን ተጨንቀን አናውቅም። ነገሩ ከኪታቦቹ ጠፍቶ አይደለም። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ከሰለሙ ጀምሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባዩዋቸው ቁጥር ፈገግ ይሉላቸው እንደነበር ተናግረዋል። ወደ ሰው ሲዞሩ በአንገታቸው ብቻ ሳይሆን በመላ አካላቸው ነበር የሚዞሩት። ለወንድም ፊት ፈገግ ማለትም ሰደቃ ተብሎ ተቆጥሯል። ሉቅማንም ልጃቸውን ሲመክሩ ጉንጭን ከሰው ማዞርን ሳይጠቅሱ አላለፉም።

እስኪ ቤታችንን እንይ። እናታችን "ልጄ፣ እስኪ ሱቅ ድረስ ሂድልኝ" ስትል "እሺ እማ" እንላለን። ቃሉ ያምራል። ግን ከ"እሺ" በፊት የምናወጣት ያቺ ረጅም ትንፋሽስ? ከስልኩ የማይነሳው ዐይንስ? ቁርኣን ለወላጅ "ኡፍ" ማለትን ከልክሏል፤ እኛ ፊደሉን ትተን ትንፋሹን አስቀርተናል። እናት ደግሞ ትንፋሽ መስማት ታውቃለች።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ሰው ላይ አፍጡ እያልን አይደለም። በአገራችን በታላቅ ፊት አንገት መድፋት አክብሮት ነው፤ ለባዕድ ሴት ወይም ወንድ ዐይንን መስበርም አደብ ነው። ዐይን መስበርና ፊት መንሳት ግን ለየቅል ናቸው። ተቀባዩም ልዩነቱን አያጣውም። ደግሞ የተኮሳተረ ሁሉ ጠልቶን ነው ማለት አይደለም፤ ጥርሱን ያመመው ወይም የቤት ኪራይ ያሳሰበው ሊሆን ይችላል። ለሌላው ፊት ዑዝር እንፈልግለት፤ ለራሳችን ግን አንፈልግ።

ያ ወጣት ይህን ጽሑፍ ካነበብከው፣ ወንድማችን፣ አውፍ በለን። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ እዚያው ጥግ ነን። ስልኩም ኪሳችን ውስጥ ነው።