ተከሳሹ ራሱን መርምሮ «ጥፋት የለም» ሲል





ከመድረሳ ተማሪዎቼ አንዱ ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ከሌሎች ጋር ታፍሶ ተወሰደ። በአራተኛው ቀን ሲለቀቅ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሊወጣ ሲል «በቆይታዬ ምንም አልደረሰብኝም» የሚል ወረቀት አስፈርመውታል። እናቱ ወደ ጤና ተቋም ወሰደችው። አከሙት፤ ማስረጃ ስትጠይቅ ግን «ለክስ የሚሆን የሕክምና ማስረጃ የምንሰጠው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቀን ነው» አሏት። ልብ በሉ፦ ፖሊስ እንደመታው ለማስረዳት የፖሊስ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ደብዳቤውን ፍለጋ እኔ፣ እናቱና ልጁ ሆነን ወደ ጣቢያው ሄድን። ወደ አቤቱታ ተቀባዩ ክፍል መሩን። ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አልገባም አለ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው እሱ ሲደበደብ እዚያው ቆሞ ያይ የነበረው ነው። እናቱ ብቻዋን ገብታ ማመልከቻዋን ሰጠች። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም እንዲደረግላት ብትለምን «ለእኛ ካስገባሽ ይበቃል» ተባለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልሱ በቃል መጣ፦ «ተጣርቷል፤ የተባለው ነገር አልተፈፀመም።» ማን አጣራው? ልጁን የጠየቀው የለም። ጆሮውን ያየ የለም። አብረውት የታሰሩትን ያነጋገረ የለም።

ጣቢያውን በስም አልጠራም። ስሙን ብጠራው ነገሩ የአንድ መጥፎ ጣቢያ ወሬ ይሆንና ያልፋል። እኔ የምጣላው «ተጣርቷል» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ይህችን ቃል ስንት ዓመት ሰማናት?

በ2004 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማዕከላዊ የገቡት ወንድሞቻችን ተደብድበናል፣ ተሰቃይተናል ብለው ለፍርድ ቤት ተናገሩ። የሰማቸው ማን ነው? ጉዳያቸው ገና በችሎት እያለ በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» በሚል ርዕስ በቴሌቪዥን እንዲታዩ ተደረገ። ማሰቃየት የሚባል ነገር እንደሌለ መንግሥት ደጋግሞ ሲነግረን ኖረ። ከዚያስ? ሰኔ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ቆመው በእስረኞች ላይ ማሰቃየት ይፈፀም እንደነበር አመኑ። ኅዳር 2011 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በድብቅ እስር ቤቶች የተፈፀመውን ግፍ ዘርዝሮ የደኅንነትና የእስር ቤት ኃላፊዎችን መያዙን አስታወቀ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት «አጣርተን አላገኘንም» የተባሉት ሁሉ ምን ነበሩ? ድብደባው አለ ያለው መዝሉሙ ነበር፤ የለም ያለው መርማሪው ነበር። እውነቱን የያዘው መዝሉሙ ሆኖ ተገኘ። ያንን ሐሰት ያመረተው አሠራር ግን አልተቀየረም። ሰዎቹ ተቀየሩ፣ ማዕከላዊም ተዘጋ፤ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ዛሬም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፖሊስ ነው።

ሕግ ጎደለን የሚል ካለ ይሳሳታል። ሕገ መንግሥቱ በ18ኛው አንቀጽ ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን ይከለክላል፤ በ19ኛው ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል፤ በ28ኛው የማሰቃየት ወንጀል በይርጋም በምሕረትም እንደማይታለፍ ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ 424ኛ አንቀጽ በእጁ ያለን ሰው የሚያሰቃይ ሹምን ይቀጣል፤ ያዘዘውን አለቃ ደግሞ አብልጦ ይቀጣል። ሕጉ አለ። የጎደለው ሕጉን በፖሊሱ ላይ አንስቶ ፋይል የሚከፍት፣ ከፖሊሱ ጋር በአንድ ካፌ ሻይ የማይጠጣ ሰው ነው።

«ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ አይደል? እንባ ጠባቂም አለ» ትሉኛላችሁ። አሉ፤ ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ ተጠቅሰው በ1992 በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው። ኮሚሽኑ መርምሮ መግለጫ ሲያወጣ አንብበናል፣ አመስግነናልም። ነገር ግን የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ነው። የወንጀል ክስ አይመሠርትም፣ ፖሊስን ከሥራ አያግድም፤ ለአገሪቱ በደል ሁሉ የተቋቋመ እንጂ የፖሊስ አቤቱታን ብቻ ይዞ የሚያድር አይደለም። ግንቦት 2015 ላይ በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ በመቃወም በሁለት ተከታታይ ጁምዓዎች በታላቁ አንዋር መስጂድና አካባቢው ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ለእነዚያ ነፍሶች የምንጠይቀው መግለጫ ብቻ ነውን? የተኮሰው ማን ነው፣ ያዘዘው ማን ነው የሚለውን በስም ለይቶ ችሎት የሚያደርስ አካል ነው የምንጠይቀው።

ከዚህ ላይ ወገኖቻችንን የምናገራቸው አለ። «ሰብር አድርጉ፣ ሹም አትክሰሱ፣ ፊትና ይነሳል» የሚሉ አሉ። ሰብር ዒባዳ ነው፤ ግን ሰብር የዛሊሙን ፋይል ማቃጠያ ክብሪት አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) ምን አደረጉ? የኩፋ ሰዎች በአስተዳዳሪያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ አቤት አሉ። ሰዕድ በጀነት ከተበሠሩት ዐሥሩ አንዱ ናቸው። ዑመር «ሰዕድ ያለ ሰው አይበድልም» ብለው አቤቱታውን አልጣሉትም። «ራስህን አጣርተህ ጻፍልኝ» ብለውም ለሰዕድ አልመለሱለትም። ከቦታው አነሷቸው፤ ከመዲና ሰው ልከው በኩፋ መስጂድ ሁሉ እየዞረ ሕዝቡን በግልጽ እንዲጠይቅ አደረጉ። አዎ፣ በመስጂድ! ሕዝቡ ለሰዕድ መሰከረላቸው፤ በአንድ መስጂድ አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ከሰሳቸው፤ ክሱም ሐሰት ነበር። ዑመር ለሞት ሲቃረቡ ሰዕድን ያነሷቸው በድክመትም በክህደትም እንዳልነበር ተናገሩ። ሰዕድን ነፃ ያወጣቸው የራሳቸው ደብዳቤ ሳይሆን ከውጭ የመጣው ምርመራ ነው። ንፁሕ ፖሊስ ይህን ለምን ይፈራል? «ሞራላችን ይነካል» የሚሉት አለቆች ይህን ይመልሱልን። ለሥራ ማርፈድና ለደንብ ልብስ የውስጥ ዲሲፕሊን ኮሚቴያቸው ይበቃል፤ እዚያ አንገባም። አጥንት ሲሰበርና ነፍስ ሲጠፋ ግን አይበቃም።

ሩቅ አገር ሳንሄድ ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 ምርጫ ማግሥት ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ2011 በወጣ ሕግ ፖሊስን የሚቆጣጠር ነፃ ባለሥልጣን አቋቋሙ። ቦርዱ የሲቪሎች ነው፤ የራሱ መርማሪዎች አሉት፤ በፖሊስ እጅ ሰው ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲጎዳ ፖሊስ ለእሱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ያገኘውን ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። ኬንያ ጀነት ሆነች አላልኩም። በ2016 ዊሊ ኪማኒ የተባለ ጠበቃ፣ ፖሊስ ተኩሶ አቆሰለኝ ብሎ ለዚያ ባለሥልጣን ካመለከተ ደንበኛውና ከሾፌራቸው ጋር ተገደለ። አቤት ማለት እዚያም ያስገድላል። ግን አቤቱታው ገዳዮቹ በማይደርሱበት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ በ2022 ፍርድ ቤት ሦስት ፖሊሶችንና አንድ ሲቪል ጥፋተኛ አለ፣ በ2023 አንደኛው ፖሊስ ሞት፣ ሌሎቹ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስማት ስንት ዓመት እንጠብቅ?

አንድ ጊዜ የሚቋቋም አጣሪ ኮሚሽንም አይበቃንም። ከምርጫ 97 በኋላ ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። አብዛኞቹ አባላት 193 ሲቪሎች መገደላቸውንና ኃይሉ ከመጠን ያለፈ እንደነበር ደረሱበት። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ለፓርላማው የቀረበው ሪፖርት ኃይሉ ተመጣጣኝ ነበር የሚል ሆነ። ስለዚህ የምንለው ቋሚ፣ በአዋጅ የቆመ፣ በጀቱ ከፖሊስ እጅ የማይወጣ፣ አባላቱ እንደ ዳኛ የሚጠበቁ አካል ነው። ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም። የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅም በዚያው ጣቢያ ይመታል፤ የሱም እናት ያቺኑ «ተጣርቷል» ትሰማለች።

የራሳችንንም ጥፋት ልናገር። ልጅ ሲታሰር ሽማግሌ እንልካለን፤ ሽማግሌው «አስፈርሙትና ውሰዱት፣ ነገር አታካብዱ» ይላል፤ እኛም እናስፈርማለን። እኔም የዚያን ልጅ አባት «ይፈርም፣ ይውጣልን» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ያቺ ፊርማ ዛሬ እናቲቱ ላይ ማስረጃ ሆና ትነሳለች። የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ የታሰረ፣ የተደበደበ፣ የተቀማ ሰው መዝገብ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የመስጂዱን ምንጣፍ የሰጠውን ሰው ስም ጽፈናል፤ ደሙ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ግን አልጻፍንም።

የመድረሳው ልጅ እናት አዲስ ማመልከቻ ጽፋለች። አንዱ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ አንዱ ለዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ለጣቢያው የበላይ ገብቷል፤ አራተኛው እሷ ዘንድ ነው፤ ያስገባችበት ቀንና አብረዋት የሄዱት ሁለት ሰዎች ስም ከጀርባው ተጽፏል። ማመልከቻ መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳው ይምጣ፣ አብረን እንጽፋለን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ይዞ ይምጣ። ፈርም የሚባለውን ወረቀት ደግሞ ሳያነብ አይፈርም።