ጣራውስ?

መንግሥታችን ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. በሚዘልቀው የ10 ዓመት የልማት ዕቅዱ ቱሪዝምን ከአምስቱ ዐበይት የኤኮኖሚ መስኮች አንዱ አድርጎታል፤ በጎርጎራና በወንጪም ያማሩ የእንግዳ ማረፊያዎች አሠርቷል። መልካም ነው። ዳሩ ግን አገር ጐብኚ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው አልጋ ፍለጋ አይደለም፤ አልጋማ በአገሩ ሞልቶለታል። የሚመጣው ከቋጥኝ የተፈለፈሉትን፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ነው። በከፊሎቹ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለጊዜው ተብሎ የተተከለው መጠለያ ከ10 ዓመት በላይ ስለ ቆመ፣ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ይወድቅብናል ብሎ ሠግቶ አደባባይ ወጣ። እንግዲህ በየዓመቱ የጐብኚዎችን ብዛት የሚነግረን ሪፖርት፣ ስንት የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደ ተጠገነም አብሮ ይንገረን።